የ1996 ሱዙኪ ቪታራ ለሱሉልታ ጭቃ፦ ከመግዛቴ በፊት ምን ልይ?

ሱሉልታ_ዳር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን ሱሉልታ ነው፤ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይገባል። ግማሹ ኮረኮንች፣ ግማሹ ዋልካ ነው። በበጋ ማንኛውም መኪና ይገባል። ሰኔ ሲብት ግን ባጃጁም እምቢ ይላል፤ ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ ነው እስከ አስፋልት የሚሄደው። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ የመውለጃ ቀኗ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው። ሌሊት ምጥ ቢይዛት ከዚያ ጭቃ የሚያወጣን መኪና ከግንቦት በፊት ማግኘት አለብኝ።

አቅሜ የሚፈቅደው አሮጌ ነው። አንድ ደላላ የ1996 ሱዙኪ ቪታራ አሳይቶኛል (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)፤ አምስት በር፣ 1.6 ቤንዚን፣ ባለ 16 ቫልቭ፣ ማንዋል። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ሞተሩም ሲነሳ ድምፁ ለስላሳ ነው። ቆጣሪው 148,000 ይላል። ባለቤቱ "ፎር ባይ ፎሩ ይሠራል" ብሎ ማርሹን ሳበና ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራውን መብራት አሳየኝ።

እኔ ስለ መኪና የማውቀው መንዳት ብቻ ነው። ቅዳሜ ድጋሚ ላየው ተቀጣጥረናል። ምን ልይ? አንዳንድ ጓደኞቼ ደግሞ ቶዮታ ራቭ ፎር ፈልግ ይሉኛል።

ለገጣፎዋ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

እንኳን ደስ ያላችሁ፣ በሰላም ትገላገል። እኔ የመጀመሪያውን ራቭ ፎር ነው የምነዳው፣ ባለ 2.0ውን። ሰባት ዓመት ይዤዋለሁ። ካምቢዮው አልተነካም፣ ሞተሩም አልወረደም። አነዳዱ እንደ ቤት መኪና ነው፤ ፍሬኑ ጥሩ ይይዛል፣ ኩርባ ላይ አይዋዥቅም። ቪታራ ነድቼ አውቃለሁ፣ አስፋልት ላይ ያንገጫግጫል፣ ጀርባ ያማል። ነፍሰ ጡር ለምትጭን ሰው ይሄም ይታሰብ።

ቁልፍ_14 | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግሁት። ረዘም አድርጌ ልጻፍልህ፣ ምክንያቱም የነገርከን ነገር ቀላል አይደለም።

በመጀመሪያ ያ መብራት ምንም አያረጋግጥም። መብራቱን የሚያበራው የሪዱታው (ዝግ ብሎ በጉልበት የሚያስኬደው) ማርሽ ያለበት ሳጥን ላይ የተገጠመች ትንሽ ስዊች ናት። ማርሹ ሲገባ ትበራለች፤ ኃይሉ የፊት ጎማ ጋ ይድረስ አይድረስ አታውቅም። ከሳጥኑ እስከ ጎማው ድረስ ዘንግ አለ፣ የዘንጉ መጋጠሚያ ክሮቸራ አለ፣ ኃይሉን ለሁለቱ ጎማ የሚያካፍል የፊት ዲፈረንሻል አለ፣ ከሱ ወደ ጎማው የሚሄድ ሴሚያስ አለ፣ ጎማው ላይ ደግሞ ከሴሚያሱ ጋር የሚቆለፍ ሃብ አለ። ከነዚህ አንዱ ቢጎድል መብራቱ እየበራ መኪናው በኋላ ጎማ ብቻ ይሄዳል። አንተ ይህንን የምታውቀው ነሐሴ ላይ ጭቃ መሃል ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ እንዲህ አድርግ። የኋላ ጎማዎቹን ድንጋይ አስደግፋቸው፣ የእጅ ፍሬን ሳብ። ሃቡ በእጅ የሚቆለፍ ከሆነ ሁለቱንም ቆልፍ፤ አውቶማቲክ ከሆነ ቀድመህ አራቱን ጎማ አስገብተህ አፈር ላይ ጥቂት ሜትር ንዳው። ከዚያ አራቱ ጎማ እንደገባ፣ ሞተሩን አጥፍተህ አንደኛ ማርሽ ላይ ተወው። አሁን አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሳና በእጅህ ለማዞር ሞክር። ትንሽ ተነቃንቆ ከቆመ ደህና ነው። እንደ ልብ ከዞረ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ተቆርጧል።

ሁለተኛ፣ ሞተሩን ሳይሞቅ ድረስበት። ሻጩ ቀድሞ እንዳያስነሳው ከተባለው ሰዓት አርባ ደቂቃ ቀድመህ ሂድና ኮፈኑን ከፍተህ እጅህን ሞተሩ ላይ አድርግ። ትኩስ ከሆነ ይቅርታ ጠይቀህ ሌላ ቀን ቅጠር። አሮጌ ሞተር የሚደብቀው ነገር ሁሉ የሚወጣው ጠዋት በመጀመሪያዋ ደቂቃ ነው፦ ሰማያዊ ጭስ ዘይት ይበላል ማለት ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ፣ ጣፋጭ የሚሸት ነጭ ጭስ የራዲያተር ፈሳሽ ወደ ውስጥ እየገባ ነው ማለት ነው። የራዲያተሩን ክዳን ከማስነሳትህ በፊት ክፈት (ከሞቀ በኋላ በጭራሽ!)። ውስጡ የዛገ ቡናማ ውሃ ከሆነ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ነው የጠጣው። ካስነሳህ በኋላ ገና ሳይሞቅ የራዲያተሩ የላይኛው ላስቲክ ቱቦ ወዲያው እንደ ድንጋይ ከጠጠረ የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ተበላሽቷል ማለት ነው፣ ተነስተህ ሂድ።

የዘይት መክደኛው ስር ነጭ አረፋ ካየህ ግን ወዲያው አትደንግጥ። የሱሉልታ ብርድ ላይ አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና በእርጥበት ብቻ ያንን ያመጣል። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጣና እይ። እዚያም ዘይቱ ወተት ከመሰለ ያኔ ነው ችግሩ።

ሌላው ይቆየኝ፣ ነገ እጨምራለሁ። ራቭ ፎር ወይስ ቪታራ የሚለውንም።

ጡረተኛ_ሹፌር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡05

ልጄ፣ በጎጃም መስመር ብዙ ዓመት ጭነት አመላልሻለሁ፤ ያንን ቁልቁለት በደንብ አውቀዋለሁ። ስለ መውጣቱ ብዙ ሰው ይጨነቃል፣ ስለ መውረዱ ግን ማንም አይጠይቅም። ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ ስትወርድ ፍሬን እየረገጥክ የምትወርድ ከሆነ ሸራው ይግላል፣ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሄዳል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውሃ ሲስብ ግን ወደ 155 ይወርዳል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። ያንን ስሜት አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ለጠላቴም አልመኘውም።

ስለዚህ የፍሬን ዘይቱን ቀለም እይ። እንደ ቡና ከጠቆረ ማንም ሲቀይረው አልኖረም። ብትገዛው በመጀመሪያው ሳምንት አስቀይረው። ስትወርድም በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ ይያዝህ።

ሽቅቡን በተመለከተ፦ 1.6 ሞተር ፋብሪካው 95 ፈረስ ገደማ ቢለውም ያ ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። እኛ ጋ ከ2,500 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ከአምስት አንዱን እጅ ያጣል። አምስት ሰው ጭነህ ሽቅብ ስትወጣ ቢያቃስት ሞተሩ ሞቷል ብለህ አትፍረድ፤ ሁሉም እንዲህ ነው። ካርቡራተር ካለው የባሰ ነው። ያንተው ባለ 16 ቫልቭ በኢንጄክሽን ስለሆነ የነዳጁን መጠን ለአየሩ ራሱ ያስተካክላል።

ሱሉልታ_ዳር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡40

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ስለ ፍሬን ዘይት ከዚህ በፊት የነገረኝ ሰው የለም። ቁልፍ_14 ወንድሜ፣ የነገርከኝን ሁሉ ወረቀት ላይ ገልብጬዋለሁ።

የሰበታ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡20

ብረቱን ሌሎች ይንገሩህ፣ እኔ ወረቀቱን ልንገርህ፤ የተቃጠልኩት በሱ ነው።

ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ሻንሲው ላይ ከተመታው ጋር ራስህ ፊደል በፊደል አመሳክር። ቪታራ ላይ ቁጥሩ በብረቱ ላይ የተመታ ነው። አካባቢው የተፋቀ፣ አዲስ ቀለም የተቀባ ወይም የተበየደ ከሆነ አቁም። ጃፓን የተሠራ ሱዙኪ በጄኤስ (JS) ይጀምራል። በቪኤስኢ (VSE) የሚጀምር ካየህ አትደናገጥ፤ ስፔን ውስጥ ሳንታና የሚባል ፋብሪካ ለአውሮፓ ገበያ ይሠራው ነበር፣ ያው ቪታራ ነው።

ቀጥሎ መኪናው ቀረጥ የተከፈለበት መሆኑን አጣራ። ድሮ በቀረጥ ነፃ ለድርጅት ወይም ለዲፕሎማት ገብተው የነበሩ ብዙ ናቸው፤ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም። ከዚያ ዕዳና እገዳ፤ ባንክ ይዞት እንደሆነ። እና በውክልና ከሚሸጥ ሰው ጋር ስትዋዋል ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚጨምር፣ ያልተሻረ መሆኑን ውልና ማስረጃ ሳታረጋግጥ አንድ ብር አትስጥ። እኔ "ነገ ይመጣል" የተባለ ባለቤት አሥራ አንድ ወር ጠብቄአለሁ።

ዋጋው ቢያስደነግጥህም አትገረም። በኤክሳይስ አዋጁ (1186/2012) አሮጌ መኪና ማስገባት እስከ 500 በመቶ ግብር ተጣለበት፤ በ2016 ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ጭራሽ ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ነው እየተዘዋወረ ያለው። ለዚህ ነው ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነው ቪታራ ዋጋው የማይወርደው፣ ለዚህም ነው ቀለም እየተቀባ የሚቀርበው።

ቁልፍ_14 | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ለገጣፎዋ እህቴ ያለችው እውነት ነው፤ ራቭ ፎር ለአስፋልትና ለኮረኮንች የተሻለ መኪና ነው። አራቱ ጎማ ሁልጊዜ ይነዳል፣ መሃል ላይ ዲፈረንሻል ስላለው ደረቅ መንገድ ላይም ችግር የለውም። ግን ሪዱታ የለውም። ቦዲውም ለብቻው ሻንሲ ላይ የተቀመጠ ሳይሆን እንደ ቤት መኪና አንድ ወጥ ነው። ቪታራ በሌላ በኩል እንደ ትንሽ ላንድ ክሩዘር አስበው፦ መሰላል የመሰለ ሻንሲ፣ ከኋላ ሁለቱን ጎማ የሚያያይዝ ደረቅ አክስል፣ ሪዱታ። ዋልካ ጎማውን ሞልቶ ሲያንሸራትትህ የሚያስፈልግህ ዝግ ያለ፣ ያልተቋረጠ ጉልበት ነው። እሱን ሪዱታ ይሰጥሃል። ላንተ መንገድ እኔ ቪታራ እላለሁ፣ ደህና ከሆነ።

ደህና መሆኑ ግን ከስር ነው የሚታየው። ከላይ የሚያብረቀርቀውን ባትላሜራ በአንድ ሳምንት ይሠራዋል። ጉድጓድ ያለው ጋራዥ አስገባውና በባትሪ መብራት ሻንሲውን ከፊት እስከ ኋላ ሂድበት። በተለይ ከኋላ ጎማ በላይ ቅስት ብሎ የሚያልፍበት ቦታ ጭቃ ይይዛል፣ እዚያ ይዝጋል። በትንሽ መዶሻ ኳ ኳ አድርግ፤ የዛገ ብረት ድምፁ የፈዘዘ ነው። አዲስ ጥቁር ቀለም ከስር ተቀብቶ ካየህ "ለምን?" ብለህ ጠይቅ።

የፊት ዲፈረንሻሉን ሽፋን አይተህ እለፍ ሳይሆን ቆም ብለህ እየው። አሉሚኒየም ነው፣ በጉልበት ሲነዳ ይሰነጠቃል። ብየዳ ወይም የዘይት ወዝ ፈልግ።

ታይሚንግ ቺንጋው (የሞተሩን ቫልቮች በጊዜያቸው የሚያስከፍተው ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ ማስረጃ ከሌለ አልተቀየረም ብለህ ቁጠር። በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚቀየር ነው፤ ቆጣሪውን ደግሞ አትመን። የፍሪሲዮን ፔዳሉ ላስቲክ አልቆ ብረቱ ከወጣ፣ መሪው ከለሰለሰ፣ የሹፌሩ ወንበር ከሰመጠ 148,000 አይደለም።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚያግደው) መኖሩን ጠይቅ። እኛ ሙያ ውስጥ "ሞተሩ እንዳይሞቅ" ብለው ነቅለው የሚጥሉ አሉ። ሱሉልታ ብርድ ላይ ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ በትክክል አይሞቅም፣ ቤንዚን ይጠጣል፣ ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል። የራዲያተር ክዳንም ርካሽ ናት ብለህ አትናቃት። እኛ ከፍታ ላይ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ከ110 በላይ እንዲቋቋም የሚያደርገው ያች ክዳን የምትይዘው ግፊት ነው።

ለገጣፎዋ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡45

ስለ ዋልካው ተሸንፌያለሁ። ባለፈው ክረምት ከለገጣፎ ወደ ውስጥ የእህቴ ቤት ስሄድ ሆዱ ተቀምጦብኝ በትራክተር ነው የወጣሁት። ግን ወንድሜ፣ ቅዳሜ ብቻህን አትሂድ። የሚያውቅ ሰው ይዘህ ሂድ።

ሱሉልታ_ዳር | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡30

አሁን ተመለስኩ። ሰፈር ውስጥ የሚሠራ መካኒክ ይዤ ሄድኩ። ሃምሳ ደቂቃ ቀድመን ደረስን፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ። ሰማያዊ ጭስ ሁለት ሦስት ሰከንድ ታይታ ጠፋች። የራዲያተሩ ውሃ አረንጓዴ ነው፣ ንፁህ። ቱቦው ቀስ ብሎ ነው የጠጠረው። የዘይት ዘንጉ ደህና ነው። የፍሬን ዘይቱ ጥቁር ነው፣ ጋሼ እንዳሉት። የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ልክ ነው፣ በጄኤስ ይጀምራል። ቀረጡ የተከፈለ ነው። የፔዳሉ ላስቲክ አልቋል፣ ስለዚህ ቆጣሪው ውሸት ነው።

ከዚያ ክሪኩን አመጣን። ባለቤቱ "ምን ያስፈልጋል፣ መብራቱን አየህ አይደል?" አለ። ሃቦቹን ቆለፍን፣ አራቱን አስገባን፣ ሞተር አጠፋን፣ አንደኛ ማርሽ። የቀኙን የፊት ጎማ አነሳን።

ዞረ። እንደ ብስክሌት ጎማ።

መካኒኩ ከስር ገባና ወዲያው ወጣ። ወደ ፊት የሚሄደው ዘንግ የለም፣ ተፈትቶ ተወስዷል። ባለቤቱ "የገዛሁት እንዲሁ ነው፣ እኔም አላውቅም" አለ። ፊቱን ሳየው እውነቱን ይመስለኛል፤ ከተማ ውስጥ ብቻ ነው የሚነዳው። ምን ላድርግ? መኪናውን ወድጄዋለሁ፣ ግን ፈራሁ።

የሰበታ_ልጅ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8፡50

ተወው። ዘንግ የሌለውን ፎር ባይ ፎር ብሎ የሚሸጥ ሌላም ደብቋል።

ቁልፍ_14 | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡40

ወንድሜ፣ ዘንጉን ማጣት አይደለም ችግሩ። ሱማሌ ተራ ከተፈታ ቪታራ ላይ ይገኛል። ጥያቄው ለምን ተፈታ የሚለው ነው። ሰው ዘንጉን የሚያወጣው በሁለት ምክንያት ነው፦ ወይ ክሮቸራው አልቆ ሲንቀጠቀጥ ለማስጠገን ሰንፎ፣ ወይ የፊት ዲፈረንሻሉ ተሰብሮ። የመጀመሪያው ትንሽ ገንዘብ ነው፣ ሁለተኛው ብዙ። ባለቤቱ ቢፈቅድ የፊት ዲፈረንሻሉን ዘይት በጣሳ አፍስሱት። እንደ ጨው የደቀቀ ብረት ወይም የጥርስ ስብርባሪ ካለ ዋጋውን ቀንሶም አትግዛው። ዘይቱ ንፁህ ከሆነ፣ ሽፋኑም ካልተበየደ፣ ዘንጉን ሻጩ አስገጥሞ በዚያው ፈተና ካለፈ በኋላ ብቻ ተዋዋል።

እና ሻንሲውስ? ስለ ሻንሲው አልጻፍክም።

ሱሉልታ_ዳር | ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 12፡10

ይቅርታ፣ ደንግጬ ረሳሁት። ከስር ኋላ ድረስ በመዶሻ ሄደበት። ከግራ የኋላ ጎማ በላይ ላዩን የዛገ አለ፣ ቀዳዳ ግን የለም፤ ድምፁ ሙሉ ነው ብሎኛል። ከስር አዲስ ቀለም አልተቀባም።

ጡረተኛ_ሹፌር | እሑድ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ልጄ፣ ሰውየው ክሪክ እንድታነሳ ከፈቀደልህና ቀዝቃዛ ሞተር ካሳየህ መጥፎ ሰው አይመስለኝም። በሰላም አነጋግረው። ተጣልተህ የገዛኸው መኪና ላይ ኋላ የሚቸግርህን የሚነግርህ አታገኝም።

ሱሉልታ_ዳር | ሰኔ 19፣ ከምሽቱ 3፡00

ይህን ያህል ጊዜ ጠፍቼ መመለሴን ይቅር በሉኝ። ዘይቱን አፈሰስነው፤ አርጅቷል ግን ንፁህ ነበር። ሽፋኑ ላይ ብየዳ የለም። ሻጩ ራሱ ሱማሌ ተራ ሄዶ ዘንግ ከነክሮቸራው ገዝቶ አስገጠመ፣ ዋጋውንም ቀነሰልኝ። በድጋሚ ክሪክ አነሳን፤ ጎማው ነቅነቅ ብሎ ቆመ። ውልና ማስረጃ ተፈራረምን።

በመጀመሪያው ሳምንት ታይሚንግ ቺንጋውን፣ የውሃ ፓምፑን፣ የፍሬን ዘይቱንና የፍሬን ሸራውን አስቀየርኩ። ቴርሞስታቱ፣ እንደተባለው፣ ጠፍቶ ነበር፤ ተገጥሟል። የኋላ ጎማዎቹ ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር 2314 ነበር፤ በፈረንጅ የ2014 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠሩ ማለት እንደሆነ ጎማ ቤት ነገሩኝ፣ ቀየርኳቸው።

ትናንት ሌሊት የዘነበውን ታውቁታላችሁ። ዛሬ ጠዋት ባለቤቴን ለክትትል ይዤ ወጣሁ። ዋልካው ላይ ስደርስ ቆምኩ፣ ሪዱታ አስገባሁ፣ በሁለተኛ ማርሽ ጋዝ ሳልጨምር ለቀቅኩት። አንድ ቦታ ጎን ለጎን ተንሸራተተ፣ ግን አልቆመም። አስፋልት ስንወጣ ባለቤቴ እጄን ይዛኝ ነበር። ወደ ሁለት ጎማ መልሼ ወረድን።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ዋልካው ከዚህ ሲብስ የጎማውን አየር ልቀንስ? ስንት?

ቁልፍ_14 | ሰኔ 19፣ ከምሽቱ 3፡35

እግዚአብሔር ይመስገን! አዎ፣ እስከ 20 ፒኤስአይ ቀንስ፣ ከዚያ በታች አትውረድ። ጎማው ተዘርግቶ ይረግጣል። ግን አስፋልት ላይ ስትወጣ ሳትነፋ ቁልቁለቱን እንዳትወርድ፣ ኩርባ ላይ ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። ትንሿን በባትሪ የምትሠራ ፓምፕ መኪናው ውስጥ አስቀምጥ፣ ሌሊት ጎሚስታ የለም። አሁኑኑ አንድ ሁለት ጊዜ በቀን ብርሃን ተለማመድባት፣ ስንት ደቂቃ እንደምትፈጅብህ እወቅ።

ለገጣፎዋ | ሰኔ 19፣ ከምሽቱ 3፡50

አካፋና ሁለት ጣውላም ጨምርበት። ነሐሴ ላይ ደግሞ ወንድ ወይስ ሴት እንደሆነ እዚሁ ጻፍልን።

ሱሉልታ_ዳር | ሰኔ 19፣ ከምሽቱ 4፡05

እጽፋለሁ እህቴ። ጣውላውን ነገ እቆርጣለሁ።